ለየቲም የሚሰጥ ገንዘብ ለምን በቤት ኪራይ ይወጣል?

 

የቲሞችን በየወሩ የሚደግፉ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለልጁ ምግብ፣ ልብስና ደብተር ብለን የሰጠነው ገንዘብ ለአከራይ የሚሄደው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰጪ የሰጠው ነገር የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለውና። እኛም በአዲስ አበባ ያሉ የየቲም ቤተሰቦችን ኑሮ በቅርብ የምናይ እንደ መሆናችን መጠን ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ወደናል።

አባት ሲሞት ከቤት የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ገቢ ይቋረጣል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እናት ከልጆቿ ጋር የምትውልበት ጊዜም አብሮ ይቋረጣል። አባት በሕይወት ሳለ እናት ልጆቿን ስትጠብቅ ለዚህ ድካሟ ዋጋ የሚተምንለት አልነበረም። እንጀራ ፍለጋ በወጣች ቀን ግን የልጅ ጥበቃ ዋጋ ያለው ነገር ይሆናል፤ ወይ በገንዘብ ይከፈላል፣ አለዚያም ትልቋ ልጅ በትምህርቷ ትከፍለዋለች። የቤት ኪራይ በበኩሉ ከአባት ጋር አይሞትም። ወሩ በሞላ ቁጥር ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ለአራት ወር ከአሥር ቀን በዒዳ እንደምትቆይ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ የምትቆየው ከባሏ ጋር በኖረችበት ቤት ነው፤ ለአስፈላጊ ጉዳይና ለመተዳደሪያዋ በቀን መውጣት እንደሚፈቀድላት ሊቃውንቱ ቢያስተምሩም፣ በተግባር አብዛኞቹ እናቶች በእነዚህ ወራት ሥራ አይጀምሩም። የፊቅህ ሊቃውንት ባል የሞተባት ሴት በዒዳዋ ወቅት የመኖሪያ ቤት ወጪዋ ከሟች ንብረት ይሸፈን ወይስ አይሸፈን በሚለው ላይ ተለያይተዋል። ክርክሩ ግን ሟቹ የተወው ነገር ሲኖር ነው። የቀን ሠራተኛ ወይም በመርካቶ ዕቃ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ሲሞት የሚተወው ብዙ ጊዜ ያልተከፈለ ኪራይ ነው። ዕድሩ የሚሰጠው ገንዘብ ለጥቂት ሳምንታት ያቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ባዶ ናቸው። ቤተሰቦች ከሰፈራቸው የሚነቀሉት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አንድ ሰጪ ለሁለት ዓመት የሚሰጠውን በትንሽ በትንሹ ከመክፈል ይልቅ የእነዚህን አራት ወራት ኪራይ አስቀድሞ ቢሸፍን ጥቅሙ ይበልጣል።

የቤቱ ጉዳይ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አባቶቻችን በጥቂት ብር የኖሩባቸው የቀበሌ ቤቶች መነሻ ይህ ነው። ቤቶቹ ያረጁ፣ ጭቃቸው የረገፈ፣ መጸዳጃቸው የጋራ ነው። ይሁን እንጂ ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ለድሃ ቤተሰብ ከማንኛውም ዕርዳታ የሚበልጥ መጠለያ ሆነው ኖረዋል። የቀበሌ ቤት ያላት የየቲም እናትና የግል ቤት የተከራየችው እናት እኩል ድጋፍ ቢያገኙ እንኳ ኑሯቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያዋ ድጋፉን ለልጆቿ ጉሮሮ ታውለዋለች፤ ሁለተኛዋ ለአከራይ ታስረክበዋለች።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ደባል የሚባሉት አሉ። እነርሱ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ የቀበሌ ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ይዘው የሚኖሩ ናቸው። ውሉ በስማቸው ስላልሆነ ቤቱ በፈረሰ ቀን የሚቆምላቸው ወረቀት የላቸውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስና በሌሎች አካባቢዎች የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ልዩነቱ ጎልቶ ታይቷል። ውል ያለው ነዋሪ ምትክ የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ ወረቀት የሌለው ግን ዕቃውን ጭኖ ሌላ ደላላ ይፈልጋል።

«ኮንዶሚኒየም አይመዘገቡም ወይ?» የሚሉ አሉ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ተመዝግበዋል። ለሴቶችም በዕጣው 30 በመቶ ድርሻ ተይዞላቸው ነበር። ነገር ግን ዕጣ ለመጠበቅ በየወሩ ያለማቋረጥ መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ዕጣው ሲወጣም ቀሪው ዋጋ የሚከፈለው ወለድ ባለበት የባንክ ብድር ነው። ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ2011 ከፈቀደ ወዲህ ባንኮች መስኮት ከፍተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ፣ ከዚያም ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀምረዋል። ይህ ትልቅ በጎ እርምጃ ነው። ሆኖም በሙራባሓም ቢሆን ባንክ የሚያስተናግደው መደበኛ ገቢና ማስያዣ ያለውን ሰው እንጂ በየቤቱ ልብስ የምታጥብ እናትን አይደለም።

ስለ ግል ኪራይ መንግሥት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪም አከራዩ እንደፈቀደ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ይሆናል። ብዙ የየቲም እናቶች ይህን አያውቁም። ያወቁትም ቢሆኑ «ልጅ የበዛበት ተከራይ አልፈልግም» የሚባልበት ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ ከአከራይ ጋር መካሰስ ያስፈራቸዋል። ይህንን ፍርሃታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ውሉን ማስመዝገብ ክስ አይደለም፤ ለአከራዩም ቢሆን ከለላ ነው። ከሰፈር ሽማግሌዎች ወይም ከመስጂዱ ጀመዓ አንድ ሰው አብሯት ወደ ወረዳው ቢሄድ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልቃል።

ኪራይ ያልተቻለው ቤተሰብ የሚሄደው ወደ ከተማው ዳር ነው። ከመርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወይም ከኮልፌ ተነቅሎ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ከዚያም ማዶ ወዳሉ መንደሮች ይወጣል። ኪራዩ እዚያ ይቀንሳል፤ የእናቲቱ ሥራ ግን አብሯት አይሄድም። በርበሬ የምትቀነጥስበት፣ እህል የምታበጥርበትና ልብስ የምታጥብበት ቦታ መርካቶ ቀርቷል። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ከመግሪብ በኋላ ትገባለች፤ በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በታክሲና በአውቶቡስ ያልቃል። ልጆቹ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በላይ ያለ ሰው ይውላሉ። የቤት ኪራይና የልጅ ጥበቃ አንድ ጉዳይ ናቸው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ ለሠራተኛ እናት ያሰበው ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርሷል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ሁለቱም ለደመወዝተኛ የወጡ በመሆናቸው በቀን ሥራ የምታድረዋን አይደርሱላትም። የግል ማቆያ የሚጠይቀው ክፍያ አንዳንዴ ከምታገኘው ይበልጣል። ቀድሞ ከገጠር የመጣች ዘመድ ልጅ ቤት ትጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ያቺ ልጅ ወይ ትማራለች፣ ወይ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። እናቲቱ ራሷም የምትሄድበት ጊዜ አለ። ልጆቿን ለአያት ትታ ጅዳ ወይም ሪያድ ገብታ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ የላከችው ገንዘብም የአያትየውን ኪራይ ይከፍላል። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ በዚህ ሁኔታ የቆዩ ብዙ ቤቶች ኪራያቸው በአንድ ጊዜ ተቋርጧል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥበቃው የሚወድቀው በትልቋ ልጅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ታናናሾቿን እያዘለች ትቀራለች። መጀመሪያ ሰኞ ትቀራለች፣ ቀጥሎ ሰኞና ማክሰኞ፣ ከዚያ ፈተና ያልፋታል። መዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል፤ ያቋረጠችበት ምክንያት ግን የሁለት ዓመት ወንድሟ ነው። ለዚህች ልጅ ደብተርና ቦርሳ መግዛት ችግሯን አይፈታም። ለሕፃኑ ማቆያ መክፈል ይፈታዋል። ሰጪዎች ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፦ ለአንድ ሕፃን ማቆያ የተከፈለ ገንዘብ ሁለት ልጅ ያስተምራል፣ አንዲት እናት ያሠራል።

ሸክሙን ያቀለሉ ነገሮችም አሉ፤ ሳይነገሩ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። በ2012 የትምህርት ዘመን በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የምገባ መርሐ ግብር ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። መጋቢ እናቶች ተብለው በዚያው ሥራ ያገኙ ባል የሞተባቸው ሴቶችም አሉ፤ ልጃቸው በሚማርበት ግቢ ስለሚሠሩ የጥበቃው ጉዳይ ግማሹ ተቃልሎላቸዋል። የሰፈር መድረሳዎቻችንም ሳያስቡት የልጅ ማቆያ ሆነዋል። ቂርኣቱ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት የማይሄዱ ልጆች አሉ፤ እናት እስክትመለስ መግሪብን ከደረሳው ጋር ይጠብቃሉ። ኡስታዙ ይህን የሚያደርገው ያለ ክፍያ ነው። ለመድረሳ ምንጣፍ የሚገዙ ሰዎች ለእነዚህ ልጆች መክሰስ ቢያስቡ መልካም ነበር።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ኪራይ መክፈል ለየቲም መስጠት ይባላል? የፊቅህ ሊቃውንት መኖሪያን ከምግብና ከልብስ ጋር ከመሠረታዊ ፍላጎቶች ቆጥረውታል። አንድ ድሃ የሚኖርበት መጠነኛ ቤት ስላለው ብቻ ዘካ አይከለከልም ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለተቸገሩ ሴቶች መጠለያ ማዘጋጀትም በታሪካችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ684 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ የሱልጣን በይበርስ ልጅ ያሠራችው ሪባጥ አል-በግዳዲያ ባል የሌላቸው ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት ነበር። በአገራችንም አቅም ያላቸው ሰዎች ሱቅ ወይም ቤት ለመስጂድ ወቅፍ ያደርጋሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ለየቲም እናቶች የሚያደርግ ቢገኝ በየወሩ ከሚሰበሰብ ብር የተሻለ ይቆያል፤ ክፍል ዋጋ ሲጨምር አያንስምና።

ብር ግን ያንሳል። ለስሌት ያህል አንድ ቤተሰብ ለሁለት ልጆች በወር 3,000 ብር ያገኛል፣ ኪራዩም 2,000 ብር ነው እንበል። 1,000 ብር ይተርፋል። ኪራዩ 2,600 ሲገባ የሚተርፈው 400 ነው። ድጋፉ አልተቀነሰም፤ የልጆቹ ድርሻ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ በዶላር ወይም በሪያል የሚልኩ ወንድሞች ድጋፍ በብር ሲመነዘር ከፍ ብሏል፤ በብር ቃል የገቡት የአገር ውስጥ ሰጪዎች ድጋፍ ግን በቁጥር እንደነበረ ቆሞ በዋጋ ወርዷል። ስለዚህ ቃል የምትገቡትን መጠን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ረመዳን ሲቃረብ፣ ከኪራይ ጋር እያስተያያችሁ እንድታዩት እንጠይቃለን።

ለየቲም ቤተሰቦች ደግሞ የምንለው ስለ ወረቀት ነው። የቀበሌ ቤት ውል በሟች ስም ከሆነ ሳይዘገይ ወደ እናቲቱ ስም እንዲዛወር ይጠየቅ። ለዚህ ጋብቻውን የሚያስረዳ ማስረጃ፣ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማረጋገጫ ይፈለጋል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ከቀረቡ ጋብቻን፣ ውርስንና የሕፃናት ሞግዚትነትን ማየት ይችላሉ። ኒካሑ በሰፈር ሰዎች ፊት ታስሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ይቅረቡ። ሟቹ በድርጅት ተቀጥሮ የጡረታ መዋጮ ሲከፍል የነበረ ከሆነም ይጠየቅ። አገልግሎቱ ለጡረታ የሚያበቃ ከሆነ ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ 20 በመቶ ይታሰባል። ቤት የሚለቅ ቤተሰብ ከወረዳውም ከትምህርት ቤቱም መሸኛ ሳይዝ አይውጣ፤ መሸኛ የሌለው ልጅ በአዲሱ ሰፈር ምዝገባ እስኪፈቀድለት ወራት ያልፋሉ፣ ከትምህርት ቤት ምገባውም እስከዚያው ውጭ ይሆናል።