እምቢ ያለው የእግር ፈንገስ፦ ጥፋቱ የቅባቱ ነው ወይስ የጫማው?

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ የሚኖር አንድ ተማሪ እናስብ። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ጭቃ። ቦት ጫማው ከጠዋት እስከ ማታ ከእግሩ አይወልቅም። አንድ ቀን ትንሿ የእግር ጣቱ ሥር ማሳከክ ይጀምረዋል። ጣቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ነጣ ብሎ ይርሳል፣ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ሽታም ያመጣል። ከፋርማሲ አንድ ቅባት ገዝቶ ይቀባል። በሳምንቱ ማሳከኩ ጠፋ! ቅባቱንም ተወው። ወር ሳይሞላ ግን ያው ነገር ተመለሰ። ሁለተኛ ቅባት፣ ሦስተኛ ቅባት… በመጨረሻ «ይሄ ነገር መድኃኒት አይሰማም» ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

እውነት መድኃኒት አይሰማም? ብዙ ጊዜ ይሰማል። ፈንገሱ የሚመለሰው የሚደበቅበት ቦታ ስላገኘ ነው። መደበቂያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቆዳ የሚበላ ሻጋታ

የእግር ፈንገስ የጭርትና የቆረቆር ዘመድ ነው። ሁሉንም የሚያመጡት ደርማቶፋይት የሚባሉ ፈንገሶች ናቸው። ምግባቸው ኬራቲን ነው፤ ማለትም በላይኛው ቆዳችን፣ በፀጉራችንና በጥፍራችን ውስጥ ያለው ጠንካራ ፕሮቲን። እግር ላይ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ነው።

ይህ ፈንገስ የሚኖረው በሞተው የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ነው። እዚያ የደም ሥር የለም። ስለዚህ በደም የሚዘዋወሩት የሰውነታችን ወታደሮች በቀላሉ አይደርሱበትም። በዚያ ላይ በፈንገሱ ግድግዳ ላይ ያለው ማናን የተባለ ንጥረ ነገር የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ለዚህ ነው ዝም ከተባለ ለዓመታት ሊቆይ የሚችለው።

የአትሌት በሽታ ነው እንዴ?

በእንግሊዝኛ ይህን በሽታ «የአትሌት እግር» ይሉታል። ነገር ግን አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነበር፤ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ደግሞ በዚህ ፈንገስ ብዙም አይያዝም። ነፋስ የሚያገኘው ጣት ቶሎ ይደርቃል፤ ፈንገስ ደግሞ ደረቅ ቦታ አይመቸውም። የሚመቸው ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገኙት የት ነው? ጫማ ውስጥ!

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ በአገራችን ረጅሙ የዝናብ ወቅት ያለበት አካባቢ ነው። በበበቃ የቡና እርሻ የሚሠራ፣ እሸት ቡና ማጠቢያ ላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ ጭቃ አቋርጦ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሁሉ እግሩ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። የፕላስቲክ ቦት ዝናቡን ይከለክላል፤ ላቡን ግን አያስወጣም።

ታዲያ ለምን ይመለሳል?

አንደኛው ምክንያት ቅባቱን ቶሎ ማቆም ነው። ማሳከኩ መጥፋቱ ፈንገሱ መጥፋቱን አያሳይም። ክሎትሪማዞል ፈንገሱ የራሱን ሽፋን የሚሠራበትን ኤርጎስቴሮል እንዳያመርት ያግደዋል፤ በአብዛኛው እድገቱን ያቆመዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም። የተያዘው ቆዳ ተራግፎ በአዲስ እስኪተካ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክሎትሪማዞል እስከ 4 ሳምንት ድረስ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለ2 ሳምንት ያህል ይቀባል። ቴርቢናፊን ግን ፈንገሱን ስለሚገድል ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጫማው ራሱ ነው። ከእግራችን የረገፈ ቅርፊት ውስጥ ያለ የፈንገስ ዘር ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እግርን አክሞ ያንኑ እርጥብ ቦት መልሶ ማድረግ፣ ሰውነትን ታጥቦ የቆሸሸውን ልብስ እንደ መልበስ ነው።

ሦስተኛው ጥፍር ነው። የእግር ጥፍራችሁ ከወፈረ፣ ቢጫ ከሆነና ከተፈረፈረ ፈንገሱ እዚያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለጣት መሃል የሚቀባው ክሬም እዚያ አይደርስም። ለወራት የሚዋጥ ኪኒን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን ያለ ሐኪም አይጀመርም።

አራተኛው የተሳሳተ ቅባት ነው። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ማሳከኩንና መቅላቱን በሁለት ቀን ያጠፋሉ። ሰው «ተሻለኝ» ይላል። ነገር ግን የሚያጠፉት የሰውነትን መከላከያ ነው፤ ፈንገሱ በሰላም ይስፋፋል፣ መልኩም ተቀይሮ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛው፣ መጀመሪያውኑ ፈንገስ ላይሆን ይችላል። ባክቴሪያ፣ ችፌ ወይም የጫማ አለርጂም ይመስለዋል። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ከቆዳው ትንሽ ተፍቆ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ጫማውን እንተወው እንዴ?

እንዳታደርጉት! ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባካሄደው ጥናት፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር ማበጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ዝናብ የሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈሮች ናቸው አደገኞቹ። ሙጀሌም ባዶ እግር ይወዳል። ጫማ ያስፈልገናል፤ የሚያስፈልገን ግን ደረቅ ጫማ ነው።

የተሰነጠቀ ጣት በራሱም ቀላል ነገር አይደለም። ስንጥቁ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። እግሩ ያበጠ ሰው በዚያ በር በገባ ባክቴሪያ ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይነሳበታል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ እግሩን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

- እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን የጣት መሃል በደንብ አድርቁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።
- ቅባቱን ከቁስሉ አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይም ጥቂት ቀቡ።
- ቤት ስትገቡ ቦቱን አውልቁና ነጠላ ጫማ አድርጉ። ቢቻል ሁለት ጫማ እያፈራረቁ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ማድረግ ነው። ካልተቻለ የታጠበውን ቦት ዘቅዝቃችሁ በምድጃ አካባቢ አሳድሩት፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አስጡት።
- ካልሲ በየቀኑ ቀይሩ፤ ፎጣና ጫማ አትዋዋሱ።
- በረኪና፣ ጋዝ ወይም ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አትጠቀሙ፤ ቆዳን ያቃጥላሉ።
- አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካሳከከው አብራችሁ ታከሙ።

ይህን ሁሉ በትክክል አድርጋችሁ በ4 ሳምንት ካልተሻላችሁ፣ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን 4 ሳምንት መጠበቅ የለበትም፤ ከመጀመሪያው ይሂድ።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። አራተኛ ቅባት ከመግዛቱ በፊት በሩ ሥር ያስቀመጠውን ቦት እጁን ከቶ ይዳስሰው። ውስጡ እርጥብ ከሆነ፣ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።