ጣና ላይ ሃያ ጊዜ የምትቀመጥ ደሴት

ጣና ሐይቅን አስቡት። ባሕር ዳር ቆማችሁ ማዶውን ስትፈልጉ ዓይን የሚደክምበትን ያንን ውኃ። አሁን ማሄ የምትባለውን ደሴት አንሡና መሐሉ ላይ አስቀምጧት። ሃያ ጊዜ ያህል ብትደጋግሟት ነው ሐይቁ የሚሞላው። ማሄ ደግሞ እንዲሁ ተራ ደሴት አይደለችም፤ የሲሼልስ ትልቋ ደሴት ናት፣ ዋና ከተማዋ፣ ወደቧና አውሮፕላን ማረፊያዋ ሁሉ ያሉባት። ስፋቷ 157 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሪቱ 115 ደሴቶች አሏት፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከ460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይዘሉም። ሕዝቡ ከመቶ ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ አብዛኛውም ማሄ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል።

ይህን ሁሉ የማወራው ባለፈው ቡና ላይ ሁለታችሁ «ለምን ደሴት ሄደን አንሠራም?» ስላላችሁ ነው። አንደኛችሁ የሆቴል ሰው፣ አንደኛችሁ ላፕቶፕ ይዞ የትም የሚሠራ። ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ በርሮ እዚያ ያደርሳል፤ ቅርብ ነው። እኔም ነገሩን ስቆፍር ሰነበትሁ። እስቲ ስሙኝ።

ከድንጋዩ ልጀምር። ብዙዎቹ የውቅያኖስ ደሴቶች ወይ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው፣ ወይ ኮራል እያደር የገነባቸው። ማሄና ጎረቤቶቿ ግን የጥንት አህጉር ስባሪ ናቸው። ሕንድና ማዳጋስካር ተላቅቀው በየፊናቸው ሲሄዱ መሐል ባሕር ላይ የቀረ የግራናይት ቁራጭ ነው፤ የድንጋዩ ዕድሜ ወደ 750 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ይህ ለጂኦሎጂ ሰው ብቻ የሚሆን ወሬ እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራያችሁ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ግራናይቱ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጥቶ 905 ሜትር ድረስ ይሰቀላል፤ ሜዳ የሚባል ነገር በዳር በዳሩ እንደ ጥለት ብቻ ነው ያለው። እዚያች ጥለት ላይ መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መኖሪያው ሁሉ ይጋፋል። መሬት ስላጠራቸው ባሕሩን እየደለደሉ አዲስ መሬት ሠርተዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ የተሠራው ባሕር ተደልድሎ ነው። ሥራ የጀመረው በ1971 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)፤ ከዚያ በፊት ማሄ የሚገባም የሚወጣም ሰው መርከብ ይጠብቅ ነበር።

ውኃውም ከዚሁ ድንጋይ ጋር የተያያዘ እንቆቅልሽ ነው። ማሄ ላይ የሚወርደው ዝናብ የአዲስ አበባን እጥፍ ይጠጋል፤ ሆኖም ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ እኛ በክረምት ስንበሰብስ፣ እዚያ ቧንቧ በፈረቃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወንዞቹ አጫጭር ናቸው፤ ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ዝናቡ አፈር ውስጥ ሳይቆይ በሰዓታት ውስጥ ባሕር ይገባል። ከግንቦት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ደረቅ ነው፤ ዝናቡን ይዞ የሚመጣው ከኅዳር በኋላ የሚተካው የሰሜን ምዕራቡ ነው። ስለዚህ ከግድብ ውኃ ሌላ የባሕር ውኃ ጨው እየለዩ ይጠጣሉ። ጨው መለየት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከነዳጅ ነው፤ ነዳጁ በመርከብ ይመጣል። የደሴት ኑሮ ምሥጢሩ ይኼ ነው፦ የትኛውንም ነገር ጫፉን ይዛችሁ ብትስቡ መጨረሻው ላይ መርከብ ታገኛላችሁ። ሩዙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሲሚንቶው፣ የመኪናው መለዋወጫ እንደዚያው። ስለዚህ «ደመወዙ እኮ በእኛ ብር ሲመነዘር ይሄን ያህል ነው» የምትሉትን ስሌት ተዉት። እዚያ የምታገኙትን እዚያው ነው የምትበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ወረቀቱ። ሲሼልስ የማንኛውንም አገር ዜጋ ያለ ቪዛ ታስገባለች። ልብ በሉ፣ የእኛን ፓስፖርት ጨምሮ። ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ትሞላላችሁ፣ የመመለሻ ትኬትና ማደሪያ ታሳያላችሁ፣ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ትይዛላችሁ፣ በቃ። ደላላ የሚያጠምደውም እዚችው ላይ ነው። «ቪዛ አያስፈልግም፣ ገብታችሁ ሥራ ትፈልጋላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ያለ ቪዛ መግባትና ሠርቶ መኖር ለየቅል ናቸው። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው ደመወዝ ሊቀበል አይችልም።

ለደመወዝ የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድ ነው፤ የሚያመለክተው ደግሞ አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። አሠሪው መጀመሪያ ቦታውን ለአገሬው ሰው ማስታወቅና የሚመጥን እንዳላገኘ ማሳየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የውጭ ሰው ስም የሚያቀርበው። ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ነው። የተሰጠውም ለዚያ ሥራና ለዚያ አሠሪ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ያለው ሆቴል የተሻለ ቢከፍል ዘላችሁ መግባት አትችሉም፣ አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዓረብ አገር ሠርቶ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ «ከፋላ ነው እንዴ?» ብሎ መበርገጉ አይቀርም። ነገሩ አንድ ነው አልልም፤ ግን ኑሮ በአንድ አሠሪ ወረቀት ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ውሉን ከመሳፈራችሁ በፊት አንብቡ፤ ማደሪያውና የመመለሻው ትኬት የማን ዕዳ እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። ሌላም አለ፦ ደመወዙ በሩፒ ነው ወይስ በዶላር? በ2020 ቱሪስት ሲጠፋ፣ 14 ገደማ ሩፒ የነበረው ዶላር በዚያው ዓመት ከ20 አለፈ። ኋላ ሩፒው አገገመ። ግን በዚያች መሐል ለቤተሰብ ገንዘብ ሲልክ የነበረ ሠራተኛ ምን እንደተሰማው አስቡት።

ለላፕቶፑ ወዳጃችን ሌላ በር አለ። በ2021 መንግሥት ከውጭ አገር አሠሪ ደመወዝ እያገኘ እዚያ መቀመጥ ለሚፈልግ ሰው እስከ አንድ ዓመት የሚያኖር ፕሮግራም ከፈተ። ገቢህንና የጤና መድንህን ታሳያለህ፤ ከአገሬው ድርጅት ግን ሳንቲም መቀበል የለም። መሥራቱ ራሱ ያስኬዳል፦ በ2012 ከዳሬሰላም ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር ሥር ኬብል ተዘርግቶላቸዋል። ሰዓቱም ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀድመው። የሚጎዳህ ወጪው ነው፤ የጎብኚ ዋጋ እየከፈልክ የነዋሪ ኑሮ ለመኖር ትሞክራለህ።

የሆቴሉ ወዳጃችን የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኛል። አገሪቱን የሚያቆማት ቱሪዝምና ዓሣ ነው፤ ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ያለው የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። የአገሬው ጉልበት ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃ ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኬንያ፣ ከማዳጋስካር የመጣ ሠራተኛ ሞልቷል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሁለቱም የሥራ ቋንቋ ናቸው፤ ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው ግን በክሪዮል ነው። «ቦንዙር» ብለው ሳይጀምሩ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው አሉ። እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ሳንል «ታክሲው የት ነው?» የሚለንን ሰው እንደምናየው ማለት ነው።

ስለ ገበያው ካላወራሁ ቅር ይለኛል። ቪክቶሪያ መሐል ባለው ገበያ ዓሣው በገመድ እየታሰረ በእስር ይሸጣል። ከዓሣ ነጋዴው እግር ሥር የማትጠፋው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? በእኛ ገጠር ከብት ተከትላ የምትውለዋ ነጯ ወፍ! እዚያ ከብት ስላጣች የዓሣ ትርፍራፊ ለቃሚ ሆናለች። ቀረፋው ደግሞ ይብሳል። እኛ ለሻይ ብለን በግራም የምንገዛው ቀረፋ ማሄ ተራራ ላይ አረም ነው። ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን አምጥተው ተከሉት፣ ወፎች ፍሬውን በተኑት፣ ዱሩን ወረሰው፤ አሁን አገር በቀሉን ዛፍ እንዳያጠፋ እየመነጠሩት ነው። ዓሣና ሩዝ ለሚወድ ምግቡ ይስማማል፤ በኮኮናት ወተት የሚሠራው ወጥ ለጾምም ይሆን ነበር፣ ዓሣው ባይገባበት። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልገባበትም።) እንጀራ ለለመደ ግን ጤፉን ተሸክሞ መሄድ ነው። በርበሬ ስትይዙም ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ፈልጉ። ወበቁ ቀንም ሌትም አይለቅም፣ ጫማና መጽሐፍ ሳይቀር ይሻግታል። ደጋ ያደገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት በላብ ነው የሚያሳልፋቸው። ደስ የሚለው፣ ወባ የለም፤ ትንኟ የምታመጣው ደንጊና ቺኩንጉኒያ ግን አለ። ዋናዎቹ ደሴቶች ለምድር ወገብ ስለሚቀርቡ ከአውሎ ነፋስ መንገድ ውጭ ናቸው።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ዛሬ ሰው ብሩን አጠራቅሞ የሚሄድባት ይህች አገር ለእንግሊዞች የግዞት ቦታ ነበረች። ከየቅኝ ግዛቱ አልገዛም ያለውን ንጉሥ እዚህ ያስቀምጡት ነበር። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ በ1900 ማሄ ደርሶ 24 ዓመት ከረመባት። በዚያው 1900 አሻንቲዎችን ለጦርነት ያስነሣችው ያ አሳንቴዋ ተይዛ መጣች፣ በ1921 እዚያው ሞተች። የቡጋንዳው ሙዋንጋና የቡንዮሮው ካባሌጋ መጀመሪያ ጠላት የነበሩ፣ ኋላ አብረው የተዋጉ፣ አብረው የተጋዙ ነገሥታት ናቸው። ሙዋንጋ በ1903 እዚያው አረፈ። ካባሌጋ በ1923 እንዲመለስ ተፈቅዶለት አገሩ ሳይገባ ጂንጃ ላይ ሞተ። በ1956ም የቆጵሮሱን ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስን አመጧቸው። ግንብ አላስፈለገም፤ ውኃው ይበቃል። ያው ነጭ አሸዋ፣ ያው ዘንባባ ነው ያዩት።

«ሁለት ዓመት ይሰለቻል ወይ?» ላላችሁኝ፣ በመኪና ደሴቷን ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። መንዳት በግራ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ሲሰለቻችሁ በጀልባ አንድ ሰዓት ተጉዛችሁ ፕራሊን ደሴት ትሻገራላችሁ። እዚያ ቫሌ ደ ሜ የሚባል፣ በ1983 ዩኔስኮ የመዘገበው ሸለቆ አለ፤ ኮኮ ዴ ሜር የተባለው ዘንባባ በብዛት የሚበቅልበት። ዘሩ በዓለም ትልቁ ነው፣ ሃያ ኪሎ የሚያልፍም አለ፤ አንዱ ፍሬ ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ለማስታወሻ አንድ ገዝታችሁ ብትመለሱ ደስ ይለኛል። ደረሰኙንና የመውጫ ወረቀቱን ግን አትርሱ፤ ያለ ፈቃድ ፍሬውም ከአገር አይወጣም።