ሞተሩ ጋራዥ ገባ፤ ባለቤቱን ሐሳብ ገባው

«ጋሼ፣ ነገ ይደርሳል» የምትለዋ ቃል በሞተር ሳይክል ጋራዦች አካባቢ እንደ ደረሰኝ ታገለግላለች። ባለሞተሩ ቁልፉን ያስረክባል፣ መካኒኩ የስልክ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ሁለቱም ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ ምስክር ቢፈለግ እንኳ ያለችው ከጎን ሻይ የምታፈላው ሴት ብቻ ናት። ነገ ሲደርስ ስልኩ አይነሣም። ከነገ ወዲያ ደግሞ የጋራዡ በር ተቆልፎ ይገኛል። ባለሞተሩ የሰጠውን ነገር በእርግጥ መስጠቱን የሚያሳይ ምን በእጁ እንዳለ ማሰብ የሚጀምረው ይኼን ጊዜ ነው።

መርካቶ ውስጥ ሳሙናና የምግብ ዘይት የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ይኸው ደርሶበታል። ሁለት ሞተሮች አሉት። በአንደኛው የተላላኪው ልጅ ትእዛዝ ያደርስበታል፣ በሌላው ደግሞ የዱቤ ሒሳብ ይሰበስብበታል። ትእዛዝ የሚያደርሰው ሞተር ጭስ አብዝቶ ጉልበት ሲያንሰው ዐርብ ዕለት ጋራዥ ገባ። ፋሻ ኤላስቲካው አልቋል ተባለና ለመለዋወጫ ቀብድ ተከፈለ። ሰኞ ጠዋት ልጁ ሊያመጣው ሲሄድ ጋራዡ ዝግ ነው፣ ስልኩም አይሠራም። ማክሰኞ በሩ ተከፍቶ አንድ ረዳት ቢገኝም ሞተሩ በቦታው የለም። ረዳቱ «ማስተር ነው የሚያውቀው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም።

ነጋዴው በእነዚያ ሁለት ቀናት ያደረገው ነገር ብዙ ነው። ተላላኪውን ጠረጠረ። ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ የራሱን መስተዋትና ማርሚታ በየሱቁ ፈለገ። የሚያውቃቸውን ደላሎች «እንዲህ ያለ ሞተር ለገበያ ከመጣ ንገሩኝ» ብሎ ለመነ። ለትእዛዝ ማድረሻ ሌላ ሞተር በቀን ሒሳብ ተከራየ፤ ሁለት ደንበኞች ግን ቀድመው ከሌላ አከፋፋይ ገዝተው ነበር። ረቡዕ ሞተሩ ተገኘ። ሲሊንደሩ ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ሄዶ ኖሯል፤ የቀረው አካሉ ደግሞ በጋራዡ ቦታ ጠፍቶ ዘበኛ ባለበት የጎረቤት ግቢ ሲያድር ሰንብቷል። መካኒኩ ለቅሶ ደርሶበት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ነበር። የተሰረቀ ነገር የለም። ይሁንና የሁለት ቀን ኪራይና የሁለት ደንበኛ ትርፍ የሚመልስለት ሰው አልተገኘም።

ጉዳዩን ከአንድ ሰው ድንጋጤ የሚያሰፋው የሞተሩ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከህንድም ይምጣ ከቻይና፣ ሞተሩም መለዋወጫውም የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ከለውጡ በፊት ሞተር የገዛ ነጋዴ ዛሬ ቢጠፋበት የሚተካው በገዛበት ዋጋ አይደለም። በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ እርጅና እየተቀነሰለት ዋጋው የወረደ ንብረት በገበያ ላይ ግን ወጥቶ ይገኛል። የሒሳብ ሠራተኛው አሮጌ ያለውን ሌባው አሮጌ አይለውም።

በአዲስ አበባ ደግሞ ከብረቱ በላይ ሌላ ነገር አለ። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ የሰጠው ዋና ምክንያት በሞተር እየታገዘ የሚፈጸም ንጥቂያና ዝርፊያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለሞተር ሁሉ የተማረው ነገር ቢኖር የሞተር ታርጋ ከባለቤቱ ስም ጋር ተያይዞ የሚጠራ መሆኑን ነው። ጋራዥ የገባ ሞተር ማታ ማታ ወጥቶ የት እንደሚውል የማያውቅ ሰው የሚፈራው ንብረቱ መጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ በታርጋው ምን ተሠርቶ ይሆን የሚለው ጥያቄም እንቅልፍ ይነሣዋል።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለሞተር ተሽከርካሪው ያደረሰውን ጉዳት፣ እንዲነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ያደረሰው ቢሆንም እንኳ፣ በባለቤቱ ላይ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። መካኒኩ «ልሞክረው» ብሎ ወጥቶ እግረኛ ቢገጭ ባለቤቱ ሱቁ ቁጭ ብሎ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከጋራዡ ጋር የሚኖረው ሒሳብ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩ የጠፋበት ሰው «እስቲ ትንሽ ልጠብቅ» እያለ ሳምንት ሳያመለክት ሲቀር ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ማስረጃ ነው። ለፖሊስ ያመለከተበት ቀንና ሰዓት ከሌባው በፊት እሱን ይጠቅመዋል።

ለመሆኑ ሞተሩ በእርግጥ ከጋራዡ ቢጠፋ ተጠያቂው ማነው? ባለሞተሩና ጋራዡ ወረቀት ባይጽፉም ውል ውስጥ ገብተዋል። አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት ሥራ ሠርቶ ሊያስረክብ፣ ሌላው ዋጋውን ሊከፍል የሚስማሙበት ውል በዚሁ ሕግ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ ተደንግጓል። ዕቃ ተቀብሎ በደህና ስለ መጠበቅ ደግሞ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ የተጻፈ አለ፤ ሕጉ የሚጠራውም ሁሉም በሚያውቀው ስም ነው፦ አደራ። በወንጀል በኩል ሌላ ሰው ሰብሮ ከወሰደው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ላይ ያለው ስርቆት ወይም ከእሱ የከበደው ይጠቀሳል። በአደራ የተቀበለው ሰው ራሱ ሸጦት ከተገኘ ነገሩ በአንቀጽ 675 ወደተመለከተው እምነት ማጉደል ይሄዳል። ችግሩ ከሕጉ ሳይሆን ከማስረጃው ነው። «አልተቀበልኩም» የሚል መካኒክ ቢገጥም ከሻይ ሻጯ በቀር የሚጠራ የለም።

ሙሉ ሞተር ከመጥፋቱ ይልቅ የሚያሰጋው የአካሉ መለወጥ ነው የሚሉ ባለሞተሮችም አሉ። ደህና ባትሪ ገብቶ የደከመ ይወጣል፣ ካርቡራተሩ ይቀየራል፣ ካቴናው ከነጥርሱ ሌላ ይሆናል። ባለቤቱ ልዩነቱን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ይባላል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት የአሮጌ መኪና ገበያ ጥሩው ዕቃ ከመጥፎው ተለይቶ ዋጋውን ማግኘት ያቅተዋል። ለዚህና ለተከታዩ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የሞተር ጋራዥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ታማኙ መካኒክ ከማይታመነው ተለይቶ ስለማይታወቅ ሁለቱም በአንድ ዓይን ይታያሉ፤ ታማኙም ለታማኝነቱ የሚጨመርለት ብር የለም።

በአንፃሩ የጋራዦቹን ወገን ያልሰማ ነገሩን ሙሉ አያየውም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በተከራዩት ጠባብ ቦታ ነው። አንድ ሞተር ሲፈታ የሁለት ቦታ ይይዛል። መለዋወጫውን መካኒኩ ከሱቅ በዱቤ ያወጣል፤ ባለሞተሩ ገንዘብ አጥሮት ሲጠፋ ዕዳው እሱ ዘንድ ይቀራል። ወራት ሙሉ ባለቤቱ ሳይጠይቀው አቧራ የጠጣ ሞተር የሌለበት ጋራዥ አይገኝም። መካኒኩ ሞተሩን ወደ ሌላ ግቢ የሚያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ማውጣቱ ሳይሆን ሳይናገር ማውጣቱ ነው። ደረሰኝ የማይጽፍበት ምክንያት ግን ሁልጊዜ ቦታና ጊዜ ማጣት አይደለም። የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ለግብር ይቆጠራል የሚል ሥጋት አለ። ይሁንና የተቀበሉትን ዕቃ መመዝገብና የሸጡትን አገልግሎት መመዝገብ አንድ አይደሉም፤ ለመረከቢያው በካርቦን የሚጻፍ ተራ ደብተር ይበቃ ነበር።

መድን አለኝ ብሎ የሚጽናናም ቢሆን ውሉን መለስ ብሎ ቢያነበው አይጎዳም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው መድን የ3ኛ ወገን ነው። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ሞተሩ ቢሰረቅ ለባለቤቱ አይከፍልም። ስርቆትን የሚሸፍነው በፈቃድ የሚገባው ሰፊ ሽፋን ሲሆን በዚህም ላይ የምንዛሪው ለውጥ ጥላውን አጥልቷል። እንበልና ሞተሩ መድን የተገባለት በ90 ሺህ ብር ነው፤ ዛሬ ግን ገበያው 180 ሺህ ብር ያወጣዋል። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ከ90 ሺህ በላይ አይጠበቅም። የ40 ሺህ ብር ዕቃ ብቻ ተፈትቶ ቢወሰድበት ደግሞ መድን የገባው ለግማሹ ስለሆነ ኩባንያው የሚያስበው በ20 ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ውል ሲታደስ የአምናውን ዋጋ እየገለበጡ መፈረም በዓረቦን ያተረፈ ይመስላል። ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ እያለ ሽፋኑ ይቀጥል እንደሆነ መጠየቅም የሚገባው ከመፈረም በፊት ነው።

ደላሎችና ያገለገለ ሞተር ገዢዎች ከጉዳዩ ውጭ አይደሉም። ሊብሬ የሌለውን ሞተር «ሊብሬው ቀርቶ ይመጣል» በሚል ተስፋ በርካሽ የገዛ ሰው የሌላውን ሰው እንቅልፍ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ዕቃ የተቀበለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ይጠየቃል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ ተፍቆ ከተገኘ ዋጋው ስንትም ቢሆን ርካሽ አይደለም።

ጥንቁቆቹ ባለሞተሮች የራሳቸው ልማድ አላቸው። ሊብሬውን ከሞተሩ ጋር አይሰጡም። ከማስረከባቸው በፊት መካኒኩ ባለበት የሞተሩን አራት ጎን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም በስልክ ፎቶ ያነሣሉ። ቆጣሪው ብዙ ይናገራል፤ ለሙከራ አንድ ዙር ሄድኩ የተባለበት ሞተር መቶ ኪሎ ሜትር ጨምሮ ሲገኝ ክርክር አያስፈልግም። ነዳጁንም ለሙከራ የሚበቃውን ብቻ ትተው ይቀዳሉ። ሞተሩ የት እንደሚያድርና ዘበኛው ማን እንደሆነ ጠይቀው ከመካኒኩ ሌላ ሁለተኛ ስልክ ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ካላዩ ለአዲሱ አይከፍሉም።

ደረሰኝ የሚሰጡ፣ ማታ ሞተሮቹን ቆጥረው የሚቆልፉ ጋራዦችም አልጠፉም። እነዚህ ለእጅ ዋጋ ከሌሎቹ ጨምረው ይጠይቃሉ፤ የዘበኛ ነው ይላሉ። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ሳይመጣ ለሚያድር ሞተርም በየቀኑ የማደሪያ ሒሳብ ማስከፈል የጀመሩ አሉ። ትእዛዝ የሚያደርሱ ልጆች ጭማሪው በዛ ብለው ሲከራከሩ ይሰማሉ፤ ከሦስትና ከአራት በላይ ሞተር የሚያሠሩ ድርጅቶች ግን ብዙ ሳይከራከሩ ይከፍላሉ።