በአሮጌ የናፍጣ መኪና ላይ የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ስለ መለወጥ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በባለንብረቱ እጅ የሚገኘው አሮጌ መኪና ተተኪው በቀላሉ የማይገኝ ሀብት ሆኗል። ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ድረስ በጀርመን አገር የተሠራው መርሴዲስ 300 ዲ ይገኛል። ባለ አምስት ሲሊንደሩና ባለ 3 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በጥንካሬው ስሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ሞተር ለጥቂት ብር ሲባል በቸልታ በታለፈ አንድ የጎማ ቱቦ ምክንያት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በዚህ ሞተር ውስጥ የዘይት ተግባር ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ያወጣል። ከሞተሩ ግራ ጎን ካለው የዘይት ማጣሪያ ሁለት ቱቦዎች ተነሥተው፣ ከራዲያተሩ አጠገብ ወደ ቆመው አነስተኛ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ይደርሳሉ። በአንደኛው ትኩሱ ዘይት ይሄዳል፤ በሁለተኛው የቀዘቀዘው ይመለሳል። የቱቦዎቹ ጫፎች ብረት፣ መካከላቸው ግን ጎማ ነው። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ማቀዝቀዣው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ሲሆን ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ሳለ ስለሚንቀጠቀጥ፣ በመካከላቸው የሚተጣጠፍ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። የሞተር መቀመጫው ያረጀበት መኪና ቱቦውን ያለ ጊዜው የሚጨርሰውም ስለዚሁ ነው።

በማጣሪያው ውስጥ ያለው ቴርሞስታት ዘይቱ ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት በግቢው ውስጥ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ከሥሩ ጠብታ ያላየ ሰው ቱቦው ደኅና ነው ብሎ ሊፈርድ አይገባውም። ቱቦው እውነተኛ ሥራውን የሚሠራው መኪናው ተጭኖ ዐቀበት ሲወጣ፣ ለምሳሌ ከዓባይ በረሓ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ሲያቀና ነው። የሚፈነዳውም ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ከስድስት ሊትር በላይ ቢሆንም፣ ፖምፑ ራሱ እየገፋ ስለሚያወጣው ለማለቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ቱቦው ከመፈንዳቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ጎማው ብረቱን በሚገናኝበት አንገት ላይ እርጥበትና የተጋገረ አቧራ ይታያል፤ ጎማው በጣት ሲጫን እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ወይም በተቃራኒው ይልማል። የለመለመ ጎማ ከበላዩ ካለው የናፍጣ ፖምፕ ጠብታ ሲወርድበት የኖረ ለመሆኑ ምልክት ነውና፣ ጠብታው ሳይዘጋ ቱቦውን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ግዢ እንምጣ ቢባል፣ ባለመኪናውም ሆነ ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። የፋብሪካው ቱቦ ሲገኝ ከሁሉ ይመረጣል። ሳይገኝ ሲቀር ግን የአሮጌው ቱቦ ብረት ጫፎች ተወስደው፣ የግንባታ መሣሪያ የሃይድሮሊክ ቱቦ ወደሚያዘጋጅ ሱቅ ሄዶ አዲስ ጎማ ማስጨመቅ የተለመደ ነው። ሻጩም ቱቦው ከ100 ባር በላይ ግፊት እንደሚችል በኩራት ይናገራል። ንግግሩ እውነት ነው፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም። በዚህ ሞተር ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ጥቂት ባር ብቻ ስለ ሆነ፣ ቱቦውን የሚፈትነው ግፊቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በየሱቁ በብዛት የሚገኙት ኤስ ኤ ኢ 100 አር 1 እና አር 2 የተባሉት ቱቦዎች የሙቀት ልካቸው በተለምዶ እስከ 100 ዲግሪ ነው። ቴርሞስታቱ መንገዱን መክፈት የሚጀምረው በ95 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ዘይት ገና ከመነሻው በቱቦው የመጨረሻ ልክ አጠገብ ነው፤ በረጅም ዐቀበት ላይ ደግሞ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ቱቦ በመጀመሪያው ቀን አይፈነዳም። ከውስጥ ቀስ በቀስ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ገዢውም ሻጩም ግዢውን ከረሱት በኋላ ይፈነዳል።

ስለዚህ ገዢው የሚጠይቀው ልኩ ቢያንስ 120፣ ቢቻል 150 ዲግሪ የሆነ፣ ለትኩስ የማዕድን ዘይት የተሠራ ቱቦ ነው፤ ልኩም በጎማው ላይ ወይም በአምራቹ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ማየት ይገባዋል። የራዲያተር ውኃ ቱቦ ቆርጦ በማሰሪያ ቀለበት ማጥበቅማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ የዚያ ጎማ ዓይነት ዘይት ሲነካው ያብጣል። ቱቦ ሻጮችም በደረሰኛቸው ላይ የቱቦውን ዓይነትና የሙቀት ልኩን ቢጽፉ፣ ደንበኛውን ከጉዳት ራሳቸውንም ከክርክር ያድናሉ።

አሮጌው ቱቦ ከመቆረጡ በፊት የሁለቱ ጫፎች አቅጣጫ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ርዝመቱም ይለካ። ጫፎቹ ተጣምመው የተጨመቁ እንደ ሆነ ቱቦው ሲታሰር ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ቱቦም ዕድሜ የለውም።

ሥራውን በተመለከተ ዋናው አስቸጋሪ ነገር በማቀዝቀዣው ላይ ያለው ማያያዣ ነው። ብረትና አሉሚኒየም ለብዙ ዓመታት ተጣብቀው ስለሚቆዩ ዝገት ያያይዛቸዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ይረጭበት፤ ሲፈታም በአንድ መፍቻ የማቀዝቀዣውን አንገት አጥብቆ ይዞ፣ በሌላው ማያያዣውን ማዞር ግድ ነው። በአንድ መፍቻ ብቻ የሚታገል መካኒክ አንገቱን ጠምዝዞ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ የቱቦው ወጪ ወደ ማቀዝቀዣው ወጪ ይለወጣል። እምቢ ካለ ማቀዝቀዣውን ከነቱቦዎቹ አውርዶ በጠረጴዛ ላይ በረጋ መንፈስ መፍታት ይሻላል። ሁለቱም ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነውና። በሥራው ጊዜ የተከፈቱት አፎች በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈኑ፤ በማጣሪያው በኩል አልፎ ወደ ሞተሩ የሚገባ አሸዋ ከፍሳሽ ያነሰ ጉዳት አያደርስም።

አዲሱ ቱቦ ከታሰረ በኋላ ዘይት ይሞላል፤ ነገር ግን ልኩን አንድ ጊዜ ብቻ ማየት አይበቃም። ባዶው ማቀዝቀዣ የሚሞላው ቴርሞስታቱ ሲከፈት ስለ ሆነ፣ መኪናው በመንገድ ተነድቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ልኩ እንደ ገና ይታያል፤ የማያያዣዎቹም አንገት በደረቅ ወረቀት ይዳሰሳል።

በዚህ መኪና ሰሌዳ ላይ ከ0 እስከ 3 የሚቆጥር የዘይት ግፊት መለኪያ አለ። በጉዞ ላይ መርፌው 3 ላይ መቆም አለበት። በድንገት ወደ ታች ከወረደ ዐቀበቱን ልጨርስ ሳይሉ ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ዘይት እየጨመሩ እስከሚቀጥለው ከተማ ለመድረስ መሞከር አይጠቅምም፤ የተጨመረው በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። የመጎተቻው ኪራይ የቱንም ያህል ቢሆን ከሞተር ማደሻ ያንሳል።