ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ የተቆጠረ ድምፅ

የሩሲያ ሕዝብ የመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ በፔትሮግራድ ታቭሪዳ ቤተ መንግሥት የተቀመጠው በ1910 ዓ.ም. በከተራ ዕለት ነበር፤ በእነርሱም ዘንድ ዋዜማው ነው። የጥምቀት ጎሕ ሳይቀድ መርከበኛው አናቶሊ ዠሌዝንያኮቭ ዘበኞቹ መድከማቸውን ተናግሮ ተወካዮቹን አስወጣ። ጉባኤው ዳግም አልተሰበሰበም። ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ እንኳ ገና በወጉ አልተደመረም ነበር።

ምርጫው የተጀመረው ኅዳር 16 ቀን፣ ቦልሼቪኮች ሥልጣን ከያዙ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ሴቶች ከወንዶች እኩል፣ ወታደሮችም በየግንባራቸው መረጡ። ፖላንድ፣ ሊትዌኒያና ኩርላንድ ግን በጀርመን ጦር ተይዘዋል፤ ሪጋም በክረምቱ መጨረሻ ወድቃለች። በዚያ ማን ኮሮጆ ያቁም?

መጀመሪያ የደመረው የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ አባሉ ኒኮላይ ስቪያቲትስኪ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. የ54 የምርጫ ክልሎችን ውጤት ሰብስቦ ከ36 ሚሊዮን የሚበልጥ ድምፅ አሳተመ። የሚገርመው፣ ይህን የተቃዋሚ ሰነድ አንሥቶ የመረመረው ራሱ ሌኒን መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 1919 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ የራሱ የቦልሼቪክ ፓርቲ ያገኘው 9 ሚሊዮን፣ 25 በመቶ ብቻ መሆኑን አልደበቀም። እርሱን የሳበው ድምፁ የት እንደ ተገኘ ነው። ለዋና ከተሞቹ በሚቀርበው ምዕራብ ግንባር ከ976 ሺህ ድምፅ 653 ሺህ የቦልሼቪክ ነው። በሩቁ የሩማንያ ግንባር ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ከተሰጠው ያገኙት 167 ሺህ ብቻ። ሥልጣኑ እንዴት እንደ ተያዘ ይህ በደንብ ያስረዳል። የሕዝብን ጉባኤ ለመዝጋት ግን መብት አይሰጥም፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ከዓመታት በኋላ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ኦሊቨር ራድኪ ሥራውን ቀጠለ። በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ድምሩን ወደ 41.7 ሚሊዮን አደረሰው። የቸገረው ነገር የቁጥር ጉድለት ብቻ አልነበረም። የሶሻሊስት አብዮተኞች የዕጩዎች ዝርዝር የተዘጋጀው ፓርቲው ለሁለት ሳይከፈል በፊት ነው። ስለዚህ ከቦልሼቪኮች ጋር የቆመውን የግራ ክንፍ የደገፈ ገበሬም፣ የቀኙን የደገፈም ኮሮጆ ውስጥ የከተቱት አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ይህን የሚለይ ደማሪ ከየት ይመጣል?

በ1968 እ.ኤ.አ. የሶቪየቱ የታሪክ ተመራማሪ ሊዮኒድ ስፒሪን 44.4 ሚሊዮን ደረሰ። ራድኪም በ1989 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አስፋፍቶ ተመለሰበት።

የስቪያቲትስኪም፣ የራድኪም፣ የስፒሪንም ድምር ቢታይ የቦልሼቪኮች ድምፅ ከሩብ አልበለጠም። በጀርመን ጦር ሥር የቀሩት የሪጋ ነዋሪዎች ደግሞ በሦስቱም ውስጥ የሉም።