ስታቲን እና የቁርጥማት በሽታዎች

ስታቲን በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል መጠን የሚቀንሱ መድኃኒቶች የጋራ ስም ነው። አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን እና ሮሱቫስታቲን ከነዚሁ ይመደባሉ። ዋና አገልግሎታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን መከላከል ነው። ብግነትን ስለሚያበርዱም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃባቸውን (አውቶኢሚዩን) በሽታዎች ያክሙ እንደሆነ ብዙ ጥናት ተደርጎባቸዋል።

ታሪክ

የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኘው ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ ነው። ከ6,000 በላይ ረቂቅ ተሕዋስያንን ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ኮምፓክቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሻጋታ ለየ። ለሕክምና የተፈቀደው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን ሲሆን፣ ይህም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር።

አሠራር

ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራው ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴስ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ነው። ስታቲን ይህን ኢንዛይም ሲገታ ጉበት የጎደለውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ ይስባል፤ በደም ያለው መጠንም ይቀንሳል። በዚሁ የኬሚካል ሂደት ከኮሌስትሮል ሌላ፣ የመከላከያ ሴሎች መልእክት ለመለዋወጥ የሚጠቀሙባቸው ንጥረ ነገሮችም ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ስታቲን የመከላከያ ሴሎችን መነቃቃት እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ አሳዩ። ለቀጣዮቹ ጥናቶች በር የከፈተው ይህ ግኝት ነው።

በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች

* ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ በስኮትላንድ 116 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ በቀን 40 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ለስድስት ወር መውሰድ የመገጣጠሚያ ብግነትን እንደቀነሰ አሳየ። መሻሻሉ ግን መጠነኛ ስለነበር እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉትን ዋና መድኃኒቶች የሚተካ አልሆነም።
* ሉፐስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ 200 ሕሙማን የተሳተፉበት የሁለት ዓመት ሙከራ ጥቅም አላሳየም።
* መልቲፕል ስክለሮሲስ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የ140 ሕሙማን ጥናት ሲምቫስታቲን የአንጎልን መሟሸሽ እንዳዘገየ በማሳየቱ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የተነገረው 964 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ መድኃኒቱ የአካል ጉዳትን መባባስ እንደማያዘገይ አረጋገጠ።

ሆኖም ሩማቶይድ አርትራይተስ ራሱ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን 1.5 እጥፍ ያህል ስለሚያሳድግ፣ ስታቲን ለነዚህ ሕሙማን ልብን ለመጠበቅ ሊታዘዝ ይችላል።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአማርኛ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» የሚባለው ሕመም መንስኤው ብዙ ነው። በስምጥ ሸለቆ አንድ ተጨማሪ መንስኤ አለ፦ ፍሎራይድ። ከእሳተ ገሞራ አለቶች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ይህ ማዕድን፣ በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል። በአዳማ አቅራቢያ በሚገኘው የወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ፣ ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አንገታቸውና ጀርባቸው የሚገተርበት የአጥንት ፍሎሮሲስ እንደያዛቸው በጥናት ተመዝግቧል። በልጆች ላይ ደግሞ ጥርስን ያበልዛል። ፍሎሮሲስ አውቶኢሚዩን በሽታ ስላልሆነ መፍትሔው ውሃውን መቀየር ወይም ማጣራት እንጂ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት አይደለም።

በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ደግሞ አውቶኢሚዩን ነው፤ መነሻው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ዳግም እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ስታቲን አይተካም። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት የሕመሙን ምንነት በምርመራ መለየት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ስታቲን የጡንቻ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ሕመሙ ከቁርጥማት ጋር ሊምታታ ይችላል። አልፎ አልፎም ራሱ አውቶኢሚዩን የሆነ የጡንቻ በሽታ ይቀሰቅሳል፤ ይህ በሽታ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። እንደ ክላሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮችና ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ጉዳቱ ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል። ለልብ የታዘዘለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ማቆም የለበትም።