ስለ ኒው ላናርክ የፈትል ፋብሪካና ስለ ሕፃናት አስተዳደግ

በአገራችን እናቶች ጥጡን ዳምጠው፥ በደጋን ነድፈው፥ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ እንደሚሰጡ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በኤውሮፓም እስከ 18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ፈትል የቤት ሥራ ነበረ፤ ልጅም በእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ይረዳት ነበር። ከዚያ በኋላ በውሃ ኃይል የሚዞር የፈትል መኪና ተገኘና ሥራው ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ፤ ልጁም ሥራውን ተከትሎ ሄደ። በዚህ ምክንያት በሕፃናት ላይ የደረሰውን መከራ፥ መከራውንም ለማቅለል የተደረገውን ድካም የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ስለሚያስረዳ፥ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒው ላናርክ በስኮትላንድ አገር፥ ክላይድ በሚባለው ወንዝ ዳር፥ ከፏፏቴዎቹ በታች የተሠራች ናት። ዴቪድ ዴል የሚባል የግላስጎ ነጋዴ በ1785 ዓ. ም. ፋብሪካውን ማሠራት ጀመረ፤ ዐለቱን አስፈልፍሎም የወንዙን ውሃ ወደ መኪናዎቹ አመጣ። በ1786 ዓ. ም. መፍተል ተጀመረ። ነገር ግን ስፍራው ከሰው የራቀ ስለ ነበረ ሠራተኛ በቀላሉ አልተገኘም። ስለዚህ ዴል ለቤተሰቦች የሚሆን ቤት አሠራ፤ ደግሞም ከኤዲንበርግና ከግላስጎ የድኾች መጠለያዎች ልጆችን አስመጣ። ቍጥራቸውም ወደ 500 ደረሰ።

ዴል በቸርነቱ የታወቀ ሰው ነበረ፤ ልጆቹን ይመግብ፥ ያለብስ፥ መምህርም ይቀጥርላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ልጆቹ በእኛ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ይሠሩ ነበር፤ ለምግብ የሚያርፉትም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበረ። ደክሞት የሚያንቀላፋ ሕፃን ፊደል ቢያዩለት ምን ይገባዋል? በኋላ ፋብሪካውን የተረከበው ሰው እንደ ጻፈው፥ ብዙዎቹ ሰውነታቸው ቀጭጮ ቀረ፤ የአንዳንዶቹም አካል ተጣመመ።

ያ ሰው ሮበርት ኦወን ይባላል። በ1771 ዓ. ም. በዌልስ አገር ከኮርቻ ሠሪ አባት ተወለደ፤ ራሱም በ10 ዓመቱ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በጨርቅ ሱቅ አገልግሏል። በ1799 ዓ. ም. የዴልን ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ ፋብሪካውንም ከማኅበርተኞቹ ጋር በ60,000 ፓውንድ ገዝቶ በ1800 ዓ. ም. መጀመሪያ አስተዳደሩን ያዘ።

ኦወን ከድኾች መጠለያ ልጆች መቀበልን አስቀረ፤ ከ10 ዓመት በታች የሆነውም እንዳይሠራ ከለከለ። የሥራውን ጊዜ ከምግብ ዕረፍት በቀር 11 ሰዓት እንዳይሞላ አድርጎ አሳጠረ። ሠራተኛ አይመታም፤ በያንዳንዱ ፊት ግን አራት ገጽ ያለው ትንሽ እንጨት ይንጠለጠል ነበር። ጥቁሩ የክፉ ሥራ፥ ሰማያዊው የመካከለኛ፥ ብጫው የደኅና፥ ነጩም የመልካም ሥራ ምልክት ነው። በሱቁ ንጹሕ ዕቃ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ከደመወዛቸውም ከ60 እጅ አንዱን ለሕመምና ለእርጅና ያስቀምጡ ነበር።

ሠራተኞቹ ግን በመጀመሪያ አላመኑትም። ኋላ አሜሪካ ጥጧ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ በከለከለች ጊዜ መኪናዎቹ ቆሙ፤ ኦወን በሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው ሥራ በሌለበት አራት ወር ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈላቸው። ይህም ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበረ። ልባቸውን የሰጡት ከዚያ ወዲያ ነው።

በ1816 ዓ. ም. ትልቁን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በእግራቸው መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ይገቡበት ነበር። መምህራኑን እንዳይመቱ፥ በክፉ ቃልም እንዳያስፈራሩ አዘዘ። ልጆቹ በሥዕልና በካርታ ይማሩ፥ ይዘምሩ፥ ይጨፍሩም ነበር። ብዙ መኳንንት ሊያዩት መጡ፤ ከነሱም አንዱ በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ኒኮላስ ነበረ። ፋብሪካውም በዚህ ሁሉ ወጪ ሳለ ትርፉን አላጣም።

ሆኖም መልካሙ ነገር በአንድ ጌታ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፥ በሌሎች ከተሞች ያሉ ልጆች ከዚያ አልተካፈሉም። ስለዚህ ኦወን ሕግ እንዲወጣ ደከመ። በ1819 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ነገር ግን ተቈጣጣሪ አልተሾመለትምና ባለ ፋብሪካዎቹ ናቁት። መንግሥት ተቈጣጣሪዎችን የሾመው በ1833 ዓ. ም. በወጣው ሕግ ነው። በነዚያ በመካከሉ ባሉት 14 ዓመታት ስንት ልጅ በመኪና ሥር አደገ!

ኦወን በ1825 ዓ. ም. ፋብሪካውን ለሌሎች ለቀቀ፤ በ1858 ዓ. ም. ሞተ። ፋብሪካው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ 1968 ዓ. ም. ሠራ። ከተዘጋ በኋላ ሕንፃዎቹ ታደሱ፤ በ2001 ዓ. ም. ደግሞ ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገቡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። ሕግን የሚጽፍ ሹም የሚጠብቀውን ሰው አብሮ ካልሾመ፥ ጽሕፈቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። የሰው ልጅ በቤታችን የምናሳድግ እኛም፥ አበላነው አለበስነው ብለን እንዳንረካ ያስፈልጋል፤ ዴልም ይህን አድርጎ ነበርና። ልጁ መቼ ይተኛል? መቼስ ይማራል? ማታ ዕቃውን አጥቦ ሲጨርስ ደብተሩን የሚያይበት ዓይን ይቀረዋልን? ይህን መጠየቅና ሰዓቱን ማሳጠር የቤቱ ጌታና የእመቤቲቱ ፋንታ ነው።